ሁለት ጎጆ ያለው ቁጥቋጦ፦ ስለ እንዶድና ስለ ወገኖቹ በላፍቶ የቀረበ ዲስኩር

 

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገር አስቀምጫለሁ። አንደኛው አረንጓዴ ፍሬ ያዘለ ዘለላ ነው። ሁለተኛው አበባ ብቻ እንጂ አንድም ፍሬ የሌለው ቅርንጫፍ ነው። ሦስተኛው ክዳን ያለው የማር ብርጭቆ ሲሆን፣ በውስጡ ትናንት ማታ በሦስት ሰዓት ወቅጬ የዘፈዘፍኩት ነገር አለ። ብርጭቆውን ለጊዜው እንተወው። ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነበረና ትንሽ ይረፍ።

ይህ ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከዕፅ መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ከኮንዶሚኒየሙና ከቀለበት መንገዱ በፊት እዚህ የነበረ ሰው ቦታውን የሚያውቀው በዛፉ ነበር፤ መንገድ ለጠየቀውም ዛፉን ያመለክተው ነበር። ስለዚህ ስለ ዕፅዋት ለመናገር እዚህ መቆሜ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሰፈሩ የጥንት ወግ ነው። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ግራሩ አይደለም። በግራሩ ላይ ተንጠላጥሎ፣ በአጥር ላይ ተዘርግቶ፣ በወንዝ ዳር ተጠላልፎ ስለሚያድገው ስለ እንዶድ ነው።

ሃምሳ ዓመት ያለፋችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በኦሮምኛ ሃንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብቲ ይባላል። ኦሞ በየሱቁ ከመደርደሩ በፊት የአገሬው ሴት ጋቢና ነጠላ፣ ቀሚስና መቀነት የምታነጣው በእሱ ነበር። እኔ ሽታውን ያወቅሁት አያቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ነው። ፍሬው ደርቆ በሙቀጫ ሲወቀጥ አቧራው ያስነጥሳል፤ አያቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ ሰጥታ ነበር የምትወቅጠው። ዱቄቱን በጨርቅ ቋጥራ ወንዝ ትወርዳለች። ከጥምቀት በፊት ባሉት ቀናት ወንዙ ዳር የሚታጠበው ልብስ ሣሩን ሁሉ አልብሶት ይውል ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ከኋላው አንድ ቁጥቋጦ ቆሞለታል ብል አላጋነንኩም። እንዶድ በአገራችን ዋናውን ፍሬ የሚሰጠው በበጋው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በዓሉና ፍሬው በአንድ ወር ይገናኛሉ።

አሁን አበባውን እንይ። ልጆች፣ ወደፊት ቀረብ በሉ፤ ይህን ከሩቅ ማየት አይቻልም።

የእንዶድ አበባ የሚያምር አበባ አይደለም። ከስንዴ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፤ ነጣ ያለ አረንጓዴ ሆኖ በረጅም ዘንግ ላይ በመቶ እየሆነ ይደረደራል። ዘንጉ አንዳንዴ ጣት ያህላል፣ አንዳንዴም ከስንዝር ያልፋል። ጽጌረዳ ላይ የምናደንቀው ባለ ቀለም ቅጠል፣ የአበባ መልክ የምንለው፣ እንዶድ ላይ የለም። ያሉት አምስት ትናንሽ የውጭ ቅጠሎች ብቻ ናቸው። ነገር ግን ሽታ አለው፤ ንብም ይወደዋል። ይህን ቅርንጫፍ አፍንጫችሁ ሥር አድርጉት።

ቀጥሎ ሁለቱን ቅርንጫፎች አስተያዩ። በቀኝ እጄ የያዝኩት ላይ እያንዳንዷ አበባ መሐል ላይ አረንጓዴ ቋጠሮ አለ። ቋጠሮው አራት ወይም አምስት ክፍል ሆኖ እንደ ኮከብ የተጣመረ ነው፤ ወደፊት ፍሬ የሚሆነው እሱ ነው። በግራ እጄ ባለው ላይ ቋጠሮው የለም። በምትኩ ቀጫጭን ክሮች ጫፋቸው ላይ ብናኝ ተሸክመው ቆመዋል። የመጀመሪያው ሴት ነው፤ ሁለተኛው ወንድ። ከአንድ ተክል የተቆረጡ አይደሉም። እንዶድ ወንዱ ለብቻው፣ ሴቷ ለብቻዋ የምትበቅል ዕፅ ነው።

ይህን እንደ ተራ ነገር አትለፉት። በዓለም ላይ ካሉት አበባ ከሚያወጡ ዕፅዋት አብዛኞቹ ወንዴውንና ሴቴውን በአንድ አበባ ውስጥ ይዘው ነው የሚኖሩት። ተለያይተው በየራሳቸው ግንድ የሚቆሙት ጥቂቶች ናቸው። እኛ ቤት ፓፓያ አለ፤ ወንዱ ፓፓያ ፍሬ እንደማይሰጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኮሶም እንደዚሁ ነው። የዕፅዋትን ስም አወጣጥ ያስተካከለው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ18ኛው መቶ ዘመን ለእንዲህ ያሉት ዕፅዋት ያወጣው ስያሜ በግሪክኛ «ሁለት ቤት» ማለት ነው፤ ባልና ሚስት በየጎጆአቸው እንደሚኖሩ ቆጥሮት።

አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት ከአራት ዓመት በፊት አጥራቸው ሥር እንዶድ ተከሉ። ተክሉ አደገ፣ አጥሩን አለፈ፣ አበባውን በየዓመቱ አወጣ፤ ፍሬ ግን እምቢ አለ። «መሬቱ ነው» አሉኝ፤ ከዚያም «ውኃው ነው» አሉ። በመጨረሻ «ቀናተኛ ሰው አይቶብኝ ነው» እስከማለት ደረሱ። ሄጄ አበባውን በማጉያ መስታወት አየሁት። ወንድ ነበር። እኚህ እናት ለአራት ዓመታት ውኃ ያጠጡት ተክል ምንም በደል የለበትም፤ ተፈጥሮው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዶድ ልትከል ለሚል ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከዘር አትትከሉ፣ ከቁራጭ ትከሉ። ከዘር የበቀለው ወንድ ይሁን ሴት የሚታወቀው ሲያብብ ነው። ከሴት የተቆረጠ ቅርንጫፍ ግን ሴት ሆኖ ያድጋል። ወንዱንም አትጥሉ፤ እሱ በአቅራቢያ ከሌለ ሴቷ ብቻዋን ፍሬ ልታፈራ አትችልም።

የሳይንስ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ነው። ዶዴካንድራ በግሪክኛ «ዐሥራ ሁለት ወንድ» ማለት ነው፤ የወንዴ ክሮቹን ቆጥረው ያወጡለት ስም ነው። እኔ ዛሬ ጠዋት ከዚህ ቅርንጫፍ ስድስት አበባ ቆጥሬአለሁ፤ አንዱ ዐሥራ ሦስት፣ አንዱ ዐሥራ አምስት ነበረው። ቁጥሩ ከአሥር እስከ ሃያ ይለያያል። ስሙን ያወጣለት ሰው ያየው አበባ ዐሥራ ሁለት ኖሮት ይሆናል። ፊቶላካ የሚለው የወገን ስም ደግሞ ግማሹ «ዕፅ»፣ ግማሹ ደግሞ «ላክ» የሚባለው ቀይ ማቅለሚያ ነው። የዚህ ወገን ፍሬ ሲበስል እጅ የሚያቀላ ጭማቂ ስላለው ነው።

ሳይንሱ ጂነስ የሚለውን እኔ ወገን እያልኩ ነው። የእንዶድ ወገን ትልቅ አይደለም፤ ዝርያዎቹ ሠላሳ ገደማ ናቸው። ግን ቤተሰቡ እርስ በርሱ አይመሳሰልም። በሰሜን አሜሪካ ያለው ዘመዱ በየዓመቱ ወደ ሥሩ ተመልሶ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ለምለም ተክል ነው። የአገሩ ሰዎች ከፍሬው ቀይ ቀለም ጨምቀው ይጽፉበት ነበር፤ ቅጠሉንም ውኃውን ደጋግመው እየደፉ ቀቅለው ይበሉት ነበር፤ ሳይቀቀል መርዝ ነውና። በአርጀንቲና ሜዳ ላይ ያለው ሌላው ዘመዱ ኦምቡ ይባላል። ሰፊ ግንድ ያለው፣ እረኛና ፈረሰኛ ጥላው ሥር የሚያርፍበት ግዙፍ ነው፤ እሱም ወንድና ሴት ለየብቻው ነው። የእኛው እንዶድ በሁለቱ መሐል ነው። ሣር አይደለም፣ ዛፍም አይደለም። ራሱን ችሎ መቆም ሲያቅተው በሌላው ላይ ይንተራሳል፤ ድጋፍ ካገኘ አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል።

የኦምቡን ግንድ ግዙፍነት አይተው ዛፍ ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም የሚሉም አሉ። ክርክሩ የመጣው ከውስጡ ነው። ዋርካን ወይም ጽድን ብትቆርጡ ሕይወት ያለው የሚያድገው ሽፋን አንድ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ሆኖ ወደ ውስጥ እንጨት፣ ወደ ውጭ ቅርፊት ይሠራል። በፊቶላካ ወገን ግን አንዱ ሽፋን ሥራውን ሲጨርስ ከውጭው በኩል ሌላ አዲስ ሽፋን ይነሣል፤ ከዚያም ሌላ። ስለዚህ ግንዱ ጠንካራና ለስላሳ ቀለበት እየተፈራረቀ ይደረደራል። ይህን ለማየት እንዶድ መቁረጥ አያስፈልጋችሁም። ዛሬ ማታ ቀይ ሥር ለሰላጣ ስትቆርጡ በክቡ ላይ ደመቅና ፈዘዝ እያለ የሚታየውን ቀለበት ልብ በሉ። ቀይ ሥር የሚወፍረው በዚሁ መንገድ ነው፤ እንዶድም ቀይ ሥርም ከአንድ ሰፊ የዕፅዋት ነገድ የወጡ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።

ዝምድናው በቀለማቸውም ይታወቃል። የጽጌረዳ፣ የወይንና የቀይ ሽንኩርት ቅላት አንድ ዓይነት ኬሚካል ነው። የቀይ ሥር፣ የበለስ፣ የቡጋንቪሊያ፣ የቀዩ አሉማና የእንዶድ ወገን ቅላት ሌላ ነው፤ ቤታሌይን ይባላል። አንድ ዕፅ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ወይ ያንን ይሠራል ወይ ይህን። በየአጥራችሁ ላይ ያለው ቡጋንቪሊያና ከታች ወንዙ ዳር ያለው እንዶድ አንድ የቀለም ምሥጢር ይጋራሉ ቢባል ማን ያምናል? እኔ ይህን ባወቅሁበት ቀን ከጎፋ እስከ ላፍቶ በእግሬ እየሄድኩ በየበሩ ያለውን ቀይ አበባ ስመለከት ነበር የመጣሁት።

አሁን ወደ ፍሬው እንመለስ፤ የዚህ ቁጥቋጦ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነውና።

እናቶቻችን እንዶድን የሚለቅሙት ሳይቀላ ነው። ሙሉ መጠኑን ደርሶ፣ ግን ገና አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚለቀመው። የቀላው ደካማ ነው ይላሉ። ለዚህ አባባል ማስረጃ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ሳሙናውን በእጃቸው ያውቁታል። በኋላ በቤተ ሙከራ ሲለካ እውነት ሆኖ ተገኘ። አረፋ የሚያወጣውና ልብስ የሚያነጣው ኬሚካል፣ ሳፖኒን የሚባለው፣ ብርቱ የሚሆነው ፍሬው ቀለም ከመቀየሩ በፊት ነው። ለምን እንደሆነ ከዕፁ ወገን ሆናችሁ አስቡት። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ዘሩ አልጠነከረም፤ ማንም እንዳይበላው ይፈልጋል። ዘሩ ጠቁሮ ሲያብረቀርቅ፣ ለመውጣት ሲዘጋጅ፣ ፍሬው ይቀላና ወፍ ይጠራል። መርዙን ያኔ ማላላት አለበት፤ የጠሩትን እንግዳ አይመርዙትማ።

በነገራችን ላይ ሳፖኒንና ሳሙና የሚሉት ቃላት ጥንተ ሥራቸው አንድ ነው።

እንግዲህ ብርጭቆውን ላንሣው። አያችሁ፣ ከላይ ቡናማ ውኃ፣ ከታች ዝቃጭ። አሁን እነቀንቀዋለሁ። አረፋው እስከ ክዳኑ ደረሰ። ልጆች፣ ሰዓት ያዙልኝ፤ ይህ አረፋ እስክንጨርስ ድረስ አይጠፋም።

ትናንት ማታ ለምን ዘፈዘፍኩት? ዛሬ ጠዋት ወቅጬ ባመጣው አረፋ ያወጣ ነበር። ነገር ግን የእንዶድ ሳፖኒን በፍሬው ውስጥ ሲቀመጥ አቅሙ ተሸፍኖ ነው። በሁለቱም ጫፉ የስኳር ሰንሰለት አለው። ሁለት እጀታ ያለው፣ ስለት የሌለው ቢላ አድርጋችሁ አስቡት፤ ምንም አይቆርጥም። ፍሬው ሲወቀጥና ውኃ ሲነካው ግን በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ይነሣና አንዱን እጀታ ይቆርጠዋል። ቢላው ስለት ያወጣል። የስዊዘርላንድ ኬሚስቶች በ1980ዎቹ ፍሬውን በአልኮል ሲያወጡት የተገኘው ደካማ፣ በውኃ ሲያወጡት የተገኘው ብርቱ የሆነበትን ምክንያት ያገኙት በዚህ መንገድ ነው፤ አልኮሉ ኢንዛይሙን ያስተኛዋል። ወቅጦ በውኃ መዘፍዘፍ የአያቶቻችን ዘዴ ነበር። ለስሙ የሚደረግ ልማድ ሳይሆን የኬሚስትሪው ዋና ደረጃ ሆኖ ተገኘ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ስለት ያለው ሳፖኒን የሚቆርጠው ምንድን ነው? የሕዋስ ሽፋን ነው። እንዶድ የወንዝ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋለው አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ነው፤ ያስተዋለውም አድዋ ላይ ነው።

አክሊሉ ለማ ጅግጅጋ የተወለዱ፣ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወጣት ሳይንቲስት ነበሩ። በ1964 የቢልሃርዝያን ጉዳይ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ቢልሃርዝያ በጥቃቅን ትሎች የሚመጣ በሽታ ነው፤ ትሉ የሕይወቱን ግማሽ በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ፣ ግማሹን በሰው ደም ሥር ውስጥ ይኖራል። ቀንድ አውጣው ከሌለ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። አክሊሉ ቀንድ አውጣ ሲቆጥሩ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ላይ የሞተ ቀንድ አውጣ ከሌላው ቦታ ሁሉ በዝቶ አዩ። ስንቱ ሰው ይህን አይቶ አልፏል! እሳቸው ቆሙ። ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምርላቸው ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ፣ ደማቸው ፈሰሰ፣ ሞቱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያ ወንዝ ዳር ሁለት ዓይነት ዕውቀት ተገናኘ። ሴቲቱ ፍሬው መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ምን ያህል እንደሚዘፈዘፍ ታውቃለች። ሰውየው ቀንድ አውጣው ምን ተሸክሞ እንደሚኖር ያውቃል። አንዱ ያለ ሌላው ምንም አያደርግም ነበር። የሴቲቱን ስም ባነበብኩት ጽሑፍ ላይ አላገኘሁትም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ እንዶድን ባነሣሁ ቁጥር እሷንም አነሣታለሁ።

አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ስማቸውን ይጠራል። በአሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ከፍሬው ውስጥ ቀንድ አውጣ ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ለማቶክሲን ተባለ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዚያው በአድዋ ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በጠቅላላው ነዋሪ ላይ ደግሞ ከ63 ወደ 34 በመቶ ዝቅ አለ። ይህ ሁሉ የሆነው አጥር ላይ በሚበቅል ዕፅ ነው።

ሥራውን ግን ዓለም ቶሎ አልተቀበለም። መርዛማነቱ በውጭ አገር ደረጃ እንደገና ይመርመር ተባለ፤ ምርመራውም ገንዘብ ፈልጎ፣ ገንዘቡም ዓመታት ፈጅቶ፣ ነገሩ ተጓተተ። አክሊሉ ራሳቸው ደጋግመው የተናገሩት አንድ ነገር ነበር፦ አፍሪካ ውስጥ፣ በአፍሪካውያን የተሠራ ምርምር በዚያ ምክንያት ብቻ ሳይታመን ይቀራል የሚል። ለእኔ የዚህ ታሪክ መራራው ክፍል ይህ ነው። መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሁሉ ይመርመር። ግን መጠርጠሩ ከዕፁ ይልቅ በሰዎቹ ላይ ሲሆን ግፍ ነው።

ሌላው ሊረሳ የማይገባው ሰው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። የዕፅዋትና የእርሻ ባለሙያው ለገሠ ከየአገሩ ዳርቻ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው እያባዙ አወዳደሩ። አንዱ ፍሬው ብዙ፣ ሌላው ፍሬው ትልቅ፣ ሌላው ተባይ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ ልቆ የወጣው ዓይነት 44 ተብሎ የተመዘገበው ነው፤ በእንዶድ ጥናት ውስጥ ይህን ቁጥር የማያውቅ የለም። እንዶድ ሁሉ አንድ ነው ብለን የምናስብ ብንኖር ተሳስተናል። የየሸለቆው እንዶድ የየራሱ ጠባይ አለው፤ ከአንድ ሸለቆ ሲጠፋ የጠፋው ምን እንደሆነ አናውቅም። በ1989 አክሊሉና ለገሠ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሳይታሰብ ባሕር ተሻገረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ በመርከብ ውኃ ተጭና የገባች ዜብራ ሙሰል የምትባል ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጡር የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ወረረች፤ የውኃ ቧንቧ ደፈነች። በኦሃዮ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድን ሞከሩባት፤ ሠራ። ዩኒቨርሲቲውም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣበት፤ አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ። የአድዋ ሴቶች፣ የአያቴም ሙቀጫ በዚያ ሰነድ ላይ ድርሻ አልነበራቸውም። ይህ ጉዳይ በዓለም ላይ የድሆችን አገሮች ዕፅና ዕውቀት ባለቤት ማነው በሚለው ክርክር እስከ ዛሬ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። አክሊሉ በ1997 አረፉ።

ስለ እንዶድ ስናገር ጉድለቱን መደበቅ አልፈልግም። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው መጠን ዓሣንም ይገድላል። የቀንድ አውጣውን እንቁላል ግን በቅጡ አይገድለውም፤ ስለዚህ ሕክምናው መደጋገም አለበት። በጎው ነገር በውኃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ፈርሶ መጥፋቱ ነው። ዓይን ከገባ ያቃጥላል፤ ከተዋጠ ይመርዛል። ልጆች፣ ቀይ ፍሬውን ወፍ ስለበላው እናንተ አትብሉት። ትልልቆቻችሁም ለሆድ መድኃኒት ነው የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትስሙት፤ ይህ ዕፅ የሚፈሰው በልብስ ላይ ነው።

ከዚህ አዳራሽ ወርዳችሁ ትንሹ አቃቂ ዳር ብትቆሙ አረፋ ታያላችሁ። የእንዶድ አረፋ አይደለም። ከየቤቱና ከየድርጅቱ የሚወርድ የዱቄት ሳሙናና የሌላም ነገር አረፋ ነው፤ ነጭ ሆኖ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ይውላል። ወንዙ አባ ሳሙኤል እስኪደርስ ይዞት ይሄዳል። ወደ እንዶድ ዘመን እንመለስ ልላችሁ አልመጣሁም። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ሰው ሙቀጫ ይያዝ አልልም። የምለው ሌላ ነው። በዚህ በላፍቶ የወንዙ ዳር በየዓመቱ ይጸዳል፣ ይመነጠራል፣ አበባ ይተከልበታል። መልካም ሥራ ነው፤ እጄንም አስገብቼበታለሁ። ግን ስንመነጥር የምንቆርጠውን አናውቀውም። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ለጽዳት ወጥተን ስመለስ ለዓመታት የማውቃት አንዲት ሴት እንዶድ ከሥሯ ተነቅላ የቆሻሻ ክምር ላይ ተጥላ አገኘኋት። ፍሬዋ ገና አረንጓዴ ነበር። የነቀላት ልጅ ቅን ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ አረም መስሎኝ ነው» አለኝ። ልክ ነው፤ ያሳየው አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስሟን ነግሬው አላውቅም ነበርና።

ቁጥቋጦውን ካጣን የምናጣው ሳሙና ብቻ አይደለም። መቼ እንደሚለቀም፣ ወንዱና ሴቷ እንዴት እንደሚለዩ፣ ለምን እንደሚዘፈዘፍ የሚያውቁት እጆች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሳያቸው ደስ ብሎኛል። ልጆች፣ ዛሬ ማታ አያቶቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ በእንዶድ እንዴት ያጥቡ ነበር ሳይሆን፣ እንዶዱን ከየት ነበር የሚለቅሙት? የቦታውን ስም ጻፉ። ሸለቆውን፣ ወንዙን፣ የማን አጥር እንደነበር ጻፉ። ሄዳችሁም አሁን ካለ እዩ። ካለ አበባውን መርምራችሁ ወንድ ነው ሴት ነው ብላችሁ ጻፉ። ይህን ለማድረግ ማጉያ መስታወትና እርሳስ ይበቃል።

ብርጭቆውን እንደገና እዩት። አረፋው አለ።

ከበሩ በስተቀኝ ባለው ባልዲ ውስጥ ሃያ አራት ቁራጭ ቅርንጫፎች ውኃ ውስጥ ቆመዋል። በነጭ ክር የታሰሩት አሥራ ስምንቱ ሴቶች ናቸው፤ በጥቁር ክር የታሰሩት ስድስቱ ወንዶች። እስከ ክረምት በጣሳ አፈር ውስጥ እያጠጣችሁ አቆዩአቸውና ሰኔ ላይ አጥር ሥር ትከሏቸው። ነጩን የሚወስድ ሰው ጥቁሩን ማን እንደወሰደ ይጠይቅ፤ ጎረቤታሞች ብትሆኑ ይበቃል።